ለጥቂት ተናጋሪ የሚበቃ ጥቅል

በሐዋሳ ከተማ፣ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ አንዲት ባልቴት አሉ፤ ስማቸው ወይዘሮ ሽታዬ ይባላል። ገበያተኛው ስለ እርሳቸው ሲያወራ አስቀድሞ የሚያነሣው ቀኝ ክንዳቸውን ነው። ክንዳቸው እስከ ክርን ድረስ የቀላ ነው፤ ቢታጠብም አይለቅም። ምክንያቱም በርበሬ ሲገዙ የጆንያውን አፍ አይተው ገዝተው አያውቁም። እጃቸውን እስከ ግርጌው ይሰድዳሉ፤ ከሥር አንድ ዛላ መዝዘው ያወጣሉ፤ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ይነቀንቁታል። ፍሬው በውስጡ ከተንኮሻኮሸ ደረቅ ነው፤ ዝም ካለ ግን ሚዛን እንዲደፋ ውኃ ተረጭቶበታልና ጆንያውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ያልፋሉ።

ይህን ጠባይ ከክፋት የቆጠረባቸው የለም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አንዲት ልጃቸውን ናርዶስን አሳድገው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት በዚሁ ክንድ ነው። ሆኖም እግዚአብሔር ለገበያ የሰጣቸውን ጥንቃቄ ከገበያ ውጭም ይዘውት ይዞሩ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጧፍ ሲገዙ ክሩ እስከ ታች መድረሱን አገላብጠው ያያሉ። ባጃጅ ውስጥ መልስ ሲቀበሉ ብሩን ወደ ብርሃን ዘርግተው ይመረምራሉ። የልጃቸውን እጮኛ ማቴዎስን እንኳ መርምረው መርምረው፣ በዲላ ከተማ መምህር መሆኑን ሦስት ሰው ካረጋገጠላቸው በኋላ ነው እሺ ያሉት።

ከወይዘሮ ሽታዬ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የሙክታር ሱቅ ነው። ሙክታር ስልክና ቻርጀር ይሸጣል፣ የተበላሸ ይጠግናል፣ ለገበያተኛው ካርድ ይሞላል። ወላጆቹ ከስልጤ አገር መጥተው ሐዋሳ የከተሙ ነጋዴዎች ነበሩ። የሁለቱ ቤት ጉርብትና የቆየ ነው፤ ሥጋ ስለማይበላሉ በበዓል ቀን የሚለዋወጡት ሙዝ፣ ብርቱካንና ድፎ ዳቦ ነው። በዒድ ቀን ከሙክታር ቤት ሙዝ ሲላክላቸው ወይዘሮ ሽታዬ አመስግነው ይቀበሉና፣ የላኩት ሰዎች ዘወር ሲሉ ከሥር ያለውን ገልጠው ያዩ ነበር። የሙክታር ታላቅ ወንድም አብዱልፈታህ ደግሞ እንደ እርሳቸው የዛላ በርበሬ ነጋዴ ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ የአላባ በርበሬ በመኪና ሲገባ ሁለቱ ከአንዱ መኪና ሥር ይሻማሉ። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፤ የወይዘሮ ሽታዬ ጥርጣሬ አንድ እግሩ የቆመው እዚህ ላይ ነውና።

ናርዶስ ከእናቷ ጋር በዚያው በሐዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ትኖር በነበረ ጊዜ፣ በእናቷ ስልክ ላይ ትልቅ የወር ጥቅል ታስገዛ ነበር። ብዙ የመናገሪያ ደቂቃና ብዙ ኢንተርኔት ያለበት ነው። እርሷ አግብታ ወደ ዲላ ከሄደች በኋላም ወይዘሮ ሽታዬ ያንኑ ጥቅል እንደ ቤት ኪራይ ቆጥረው ወር በገባ ቁጥር ለሙክታር ይከፍሉ ነበር። ኢንተርኔት ምን እንደሚመስል አያውቁም። የሚደውሉትም ለናርዶስና ለአላባው በርበሬ ሻጭ ብቻ ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ እንደ ልማዳቸው ሊያስሞሉ በገቡ ጊዜ ሙክታር ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦

«እትዬ ሽታዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ከመሙላትህ በፊት ነው ወይስ ከሞላህ በኋላ?»

«ከመሙላቴ በፊት።»

«እንግዲያው ተናገር።»

«ይህ ጥቅል ለእርስዎ አይሆንም። ኢንተርኔቱን አይነኩትም። ደቂቃውም ሩቡን ሳይናገሩበት ወሩ ያልቃል። ጥቂት ለሚናገር ሰው የሚበቃ ትንሽ ጥቅል አለ፤ ዋጋው የዚህን ግማሽ አይሞላም። ወደዚያ ላዛውርዎት።»

ወይዘሮ ሽታዬ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ትኩር ብለው አዩት።

«አንተ የምታተርፈው ከትልቁ ነው ከትንሹ?»

«ከትልቁ ነዋ።»

«ታዲያ ትንሹን ልትሸጥልኝ ምን አተጋህ?»

«ስለማይጠቀሙበት ነዋ፣ እትዬ!»

«እስከ ዛሬ ትልቁን ስትሞላልኝ አልጠቀምበትም ነበር። ያን ጊዜ ለምን ዝም አልህ?»

ሙክታር ጆሮው ድረስ ቀላ። «ትንሹ በቅርብ ጊዜ የመጣ ነው» አለ።

«እንዲያ ከሆነ ይሰንብትና እናየዋለን። ለዛሬ ትልቁን ሙላልኝ።»

ከፍለው ወጡ። ደፉን ከተሻገሩ በኋላ ግን ዘወር ብለው በመስኮቱ አዩት፤ ሙክታር አንገቱን ደፍቶ አንድ የተሰበረ ስልክ ይፈታ ነበር። እንዳይስቅ ፊቱን የደበቀ መሰላቸው።

ነገሩ ሆዳቸው ገብቶ አላስቀምጥ ስላላቸው፣ በማግሥቱ ለገበያው ሚዛን ያዥ ለአቶ ሰይፈሚካኤል አወሩት። አቶ ሰይፈሚካኤል ዘመኑን ሁሉ የሰው ዕቃ ሲመዝን የኖረ፣ ምላሱም ሚዛን ላይ ሲቀመጥ የማይቀልል ሰው ነው።

«ሽታዬ፣ እስቲ ልጠይቅሽ» አለ። «በዚህ ገበያ ውስጥ ገዢውን ‹በዝቶብሃል ቀንስ› ያለ ነጋዴ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። የአላባው ሰውዬ በርበሬውን ከመጫኑ በፊት የሚደውልልሽ በየትኛው ስልክ ነው?»

«በዚሁ ነው እንጂ፣ ሌላ የት አለኝ?»

«አብዱልፈታህስ የማን ወንድም ነው?»

«የሙክታር።»

«እኔ ምንም አላልሁም» አለና ወደ ሚዛኑ ዞረ።

ምንም አላልሁም ያለ ሰው ከተናገረው ይልቅ ያልተናገረው እንቅልፍ ይነሣል። ይሁን እንጂ ወይዘሮ ሽታዬን ያስፈራቸው የበርበሬው ነገር ብቻ አልነበረም። ናርዶስ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ነበር። በወጉ ወደ እናቷ ቤት መጥታ መውለድ ሲገባት፣ ሐኪሙ በመኪና መንገላታትን ስለ ከለከላት ዲላ ቀረች። የመውለጃዋም ጊዜ ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ እንደሚሆን ተነግሯቸዋል። እናትም የታኅሣሥን በርበሬ ጥለው ሄደው ሊሰነብቱ አልቻሉም፤ የዓመት እንጀራቸው በዚያ ወር የሚገዙት ነው። ስለዚህ ለልጃቸው ቃል ገቡላት። «ምጥ ሲጀምርሽ ደውዪ። ድምፅሽን እንደ ሰማሁ የያዝሁትን ጥዬ እነሣለሁ። እኔ ሳልደርስ አትወልጂም» አሏት። ናርዶስም ይህን ቃል ይዛ ፍርሃቷን ቀነሰች። እንግዲህ በእናትና በልጅ መካከል ያለው ገመድ ያ ስልክ ነበር፤ ሙክታር ሊነካው የፈለገውም ያንኑ ስልክ ነው።

ታኅሣሥ ሲገባ ለናርዶስ ደውለው አማከሯት።

«እማዬ፣ ቀይሪው እንጂ!» አለች ናርዶስ። «ኢንተርኔቱ እኮ የእኔ ነበር። እስካሁን ትከፍዪበታለሽ እንዴ?»

«ቁጥሬስ ቢጠፋ?»

«ቁጥርሽ አይጠፋም። ጥቅል መቀየር ቁጥር አይነካም።»

«ሙክታርም እንደዚያ ነው ያለው።»

«እና?»

«እርሱም እንደዚያ ማለቱ ነው የከነከነኝ።»

ናርዶስ ሳቀች፤ «ለልጄ ልብስ ትገዢበታለሽ» ብላም አስማለቻቸው። በዚህ ተሸንፈው ወደ ሙክታር ሱቅ ገቡ። የሙክታር ባለቤት ሩዋይዳ የስልክ ሽፋኖችን በመደርደሪያ ላይ ታሰልፍ ነበር።

«ስልኩ ከእጄ አይወጣም» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ ገና ሳይቀመጡ።

«አይውጣ፣ እትዬ።»

«የምነካውም እኔ ራሴ ነኝ።»

«ይንኩ።»

«የምስጢር ቁጥር ብትጠይቀኝ እጮሃለሁ።»

«ጥቅል ለመቀየር የምስጢር ቁጥር አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም ስትል ሰምቼሃለሁ። ሩዋይዳም ሰምታለች።»

«ሰምቻለሁ እትዬ» አለች ሩዋይዳ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ይዛ። «ፍርድ ቤትም ቢሆን እመሰክርበታለሁ።»

«ኮከብ ይንኩ» አለ ሙክታር።

«ኮከቡ የታለ?»

«ከታች፣ በግራ በኩል።»

እርሱ ቁጥሩን እየጠራ፣ እርሳቸው አንድ ጣት እየነኩ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ቀና ብለው ፊቱን እያዩ መሰላሏ ምልክት ላይ ደረሱ። የመጨረሻውን ሲነኩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይቶ መልእክት ገባ፤ ሙክታርም አነበበላቸው። የመናገሪያ ደቂቃው ለአንድ ወር እንደሆነ፣ በጥቂቱ ቢናገሩ ከበቂ በላይ እንደሚሆን አስረዳቸው።

«አሁን ደውልልኝ» አሉት።

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ! ቁጥሬ ቁጥሬ መሆኑን ልይ።»

ሙክታር ደወለ። ስልካቸው በእጃቸው ላይ ጮኸ። አንሥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉና «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ፣ ፊትዎ የቆምሁት።»

«ድምፅህ ይርቃል።»

«እንግዲህ ልጠጋ?» ሲል ሩዋይዳ ከዚህ በላይ መቻል አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች።

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ናርዶስ ሚስኮል አደረገች፤ እርሳቸውም መልሰው ደውለው ረጅም ወሬ አወሩ። ወይዘሮ ሽታዬ ግን በልማዳቸው ደወለ የሚሉት ሚስኮል በማድረግ የጀመረውን ስለሆነ፣ የደወለችው ናርዶስ እንደሆነች ነው የሚያስቡት። በሳምንቱ መካከል ሙክታር ቀሪውን ደቂቃ እንዲያሳያቸው ጠየቁ፤ አየና ነገራቸው።

«ጎድሏል!» አሉ።

«ተናግረውበት ነዋ።»

«ለማንም አልደወልሁም።»

«ለናርዶስስ?»

«የደወለችው እርሷ ናት። ደቂቃዬ የት ሄደ?»

ሙክታር በሩ ላይ ደንበኞች ቆመውበት ነበር፤ ለማስረዳት ፋታ አጣ። ስለዚህ ቀለደ። «እንግዲህ እንደ ቅመምዎ ተንኖ ይሆናላ!» አለ። ደንበኞቹ ሳቁ። ወይዘሮ ሽታዬ አልሳቁም።

ቅመም የሚሸጥ ሰው በዚህ ቃል አይስቅም። ኮረሪማ ተፈልፍሎ አየር ላይ ካደረ ሽታው ይበርራል፤ መጠኑ ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን የለም። ጥቁር አዝሙድም፣ በሶብላም እንዲሁ ነው። በዓይን የማይታይ ነገር ሳይጠበቅ ከተቀመጠ እንደሚያልቅ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩት ነው። ደቂቃስ በዓይን ይታያል? አይታይም። ታዲያ የሚተንን ከሆነ መክደን ነው። የማይተንንና ሰው የሚሰርቀው ከሆነም፣ በአየር የሚመጣ ሌባ በብረት ውስጥ አልፎ አይገባም። በሁለቱም መንገድ ቢያስቡት መልሱ አንድ ሆነ።

ኮረሪማ የሚያስቀምጡበት ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበራቸው፤ ክዳኑ ጠበቅ ያለና በማንኪያ ካልተፈለቀቀ የማይከፈት ነው። ስልኩን በጨርቅ ጠቅልለው ከኮረሪማው ላይ አስቀመጡት፤ ክዳኑንም በመዳፋቸው መትተው ዘጉት። ጣሳውን ቀን ሱቅ፣ ማታ ቤት ይዘውት ይመላለሱ ጀመር። በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ከፍተው ለአፍታ ያዩታል፤ መልእክት ገብቶ ከሆነ ሳያነቡ ያጠፉታል። ያልታወቀ መልእክት ሁሉ የአጭበርባሪ ሥራ ነው ብለው ከወሰኑ ቆይተዋልና። ከዚያ ይዘጉታል። በሌላ ቀን ሩዋይዳን ጠይቀው ደቂቃው እንዳልጎደለ ሲሰሙ፣ ጠላታቸውን የረቱ ያህል ተሰማቸው።

ነገር ግን ስልኩ ዝም አለ። ናርዶስ በሚቀጥለው እሑድ ሚስኮል አላደረገችም። «ሽልማት ደርሶዎታል» እያሉ የሚያስቸግሯቸው እንኳ ጠፉ። ወይዘሮ ሽታዬም ዝምታውን ከጣሳው ጋር አላገናኙትም፤ ከሙክታር ጋር አገናኙት። ርካሹ ጥቅል ከዲላ የሚመጣ ድምፅ መሸከም አይችልም ማለት ነው፤ ወይም ቁጥሬን ለሁለት ሰው ሸጦታል አሉ በልባቸው። በጠዋት ጸሎታቸው መካከል ሳይቀር የሙክታር ፊት እየመጣ ያደናቅፋቸው ነበር። በግድግዳው ማዶ ሲስቅ ሲሰሙ በእርሳቸው የሳቀ፣ ዝም ሲል ደግሞ የሚዶልት ይመስላቸዋል። አቶ ሰይፈሚካኤልም «እህ፣ ደወለልሽ የአላባው?» እያለ ባለፈ ባገደመ ቁጥር እሳቱን ይቆሰቁሰዋል።

የአላባው ሰውዬ ሳይደውል፣ ታኅሣሥ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በአንድ ሐሙስ ጠዋት የበርበሬው መኪና ገበያው በር ላይ ቆመ። አብዱልፈታህ ቀድሞ ደርሶ ጆንያ ያስወርድ ነበር። ወይዘሮ ሽታዬ ይህን ሲያዩ የጠረጠሩት ሁሉ የተፈጸመ መሰላቸው። ጣሳቸውን በብብታቸው ይዘው በአውራጆቹ መካከል ተጋፍተው ገቡ፤ ነጠላቸውን አደግድገው እጃቸውን ወደ መጀመሪያው ጆንያ ሰደዱ።

በዚህ ጊዜ ሙክታር አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ ሆኖ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ ሽታዬ! ናርዶስን ምጥ ይዟታል! ማቴዎስ አሁን እኔ ጋ ደወለ። ከትናንት ማታ ጀምሮ የእርስዎ ስልክ እምቢ ብሎታል። ሆስፒታል ናት፣ ይድረሱ ይላል!»

ወይዘሮ ሽታዬ ክንዳቸውን ከጆንያው ሳያወጡ ቀና አሉ። በሙክታር ትከሻ በላይ አብዱልፈታህን አዩት፤ እርሱም ወደ እነርሱ ይመለከት ነበር።

«ጊዜዋ ገና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ የምትወልደው ከጥምቀት በኋላ ነው። ይህን ግን አንተ አታውቅም ነበር፣ ይኸው ተያዝህ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«በርበሬው በገባበት ሰዓት፣ ወንድምህ ጆንያ በሚያወርድበት ሰዓት፣ ሽታዬ ወደ ዲላ ትሂድ! ማለቴ ይህ ነው።»

ሙክታር በራሱ ስልክ ወደ ማቴዎስ ደውሎ ዘረጋላቸው። «እኔን ካላመኑ ከእርሱ ይስሙ!»

«እናቴ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «እባክዎ ይድረሱ! ናርዶስ እርስዎን ነው የምትጣራው። በቀዶ ሕክምና ሊያዋልዷት ነው።»

«አንተ ማነህ?»

«ማቴዎስ ነኝ!»

«ድምፅ የሚያስመስሉ ሰዎች መኖራቸውን ሰምቻለሁ። ማቴዎስ ከሆንህ በመልሳችሁ ቀን በእንግዳ ፊት ምን አደረግሁህ?»

«እናቴ፣ በዚህ ሰዓት—»

«መልስ!»

«ቀለበቴን ነከሱት!» ብሎ ጮኸ ድምፁ። «ወርቅ ነው ቅብ ነው ብለው፣ ሰው ሁሉ እያየ ቀለበቴን ከጣቴ አውልቀው ነከሱት!»

በርበሬ አውራጆቹ እርስ በርሳቸው በሲዳምኛ አንድ ነገር ተባባሉና ሳቁ። ወይዘሮ ሽታዬ ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። ክንዳቸውን ከጆንያው አወጡ። ወደ በርበሬው አዩ፣ ወደ መንገዱ አዩ።

«በርበሬዬስ?» አሉ እንደ ሕፃን።

ሩዋይዳ ባሏን ተከትላ ደርሳ ነበር። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በጆንያዎቹ መካከል ቆመች።

«እኔ እቆማለሁ። ይሂዱ እትዬ።»

«አፉን አይተሽ እንዳትገዢ።»

«እጄን እስከ ብብቴ እከተዋለሁ!»

«አብዱልፈታህስ?»

«አብዱልፈታህን ለእኔ ይተዉት። በዒድ ቀን እኛ ቤት ምሳ የሚበላው ማን የሠራውን መሰለዎት?»

ሙክታር ባጃጅ አስቁሞ ደግፎ አስገባቸው፤ እርሱም ከጎናቸው ተቀመጠ። መናኸሪያው ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ ተጨናንቆ ባጃጇ እየቆመች ትሄድ ነበር።

«ስልክዎ የት ነው?» አለ ሙክታር። «ጠፍቶብዎት ነው?»

ወይዘሮ ሽታዬ በብብታቸው የያዙትን ጣሳ ወደ ጉልበታቸው አወረዱ። ሙክታር ጣሳውን አየ፣ እርሳቸውን አየ። ተቀብሎ በቁልፉ ጫፍ ክዳኑን ፈለቀቀው፤ ባጃጇን የኮረሪማ ሽታ ሞላት። ከጨርቁ ውስጥ ስልኩ ወጣ። ጥቂት ቆየና አከታትሎ ይጮህ ጀመር፤ ማን እንደደወለ፣ ስንቴ እንደደወለ የሚናገረው መልእክት በላይ በላዩ ገባ። ሙክታር አንድ በአንድ አነበበላቸው። ከአላባው ሰውዬ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከማቴዎስና ከናርዶስ ነበር። የመጨረሻው «እማዬ የት ነሽ» ይላል።

ወይዘሮ ሽታዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሙክታር ሊስቅ ይችል ነበር፤ አልሳቀም።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ። «ተነነ ብዬ ቀልጄ።»

ከነጠላቸው ሥር ሆነው ጠየቁት። «እውነቱን ንገረኝ። ትርፍህን ትተህ ትንሹን የሰጠኸኝ ለምንድን ነው?»

«ልንገርዎት? አይቆጡም?»

«አልቆጣም።»

«ወር በገባ ቁጥር ገንዘቡን ሲሰጡኝ እንዴት እንደሚያዩኝ አያውቁትም። ሌባ እንደሚታይ ነው የሚያዩኝ። ቀኑ ሲደርስ ገና ከጠዋቱ ሩዋይዳን ‹ዛሬ እትዬ ሽታዬ ይመጣሉ፣ አንቺ ሙዪላቸው› እላታለሁ፤ እርሷም እምቢ ትለኛለች። ትርፉ ቀርቶብኝ ሰላም ላግኝ ብዬ ነው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ወይዘሮ ሽታዬ ከዚህ ቃል ሥር ሌላ ነገር ፈለጉ፤ አጡ። መናኸሪያ ሲደርሱ ወደ ዲላ ሊንቀሳቀስ የተዘጋጀ ሚኒባስ ተገኘ። ሙክታር ረዳቱን «እናቴ ናቸው፣ ከፊት አስቀምጥልኝ» ብሎ ለመነላቸው፤ እርሳቸውም ይህን ሰምተው ከፊት ተቀመጡ።

መንገዱ ረዘመባቸው። የገና ጾም ነበርና ሰዓቱ ስላልደረሰ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። አፖስቶን አልፈው ወደ ጩኮ ሲወጡ፣ ለልጃቸው ምን እንደሚሏት ማሰብ ጀመሩ። የሰው ልብ አስቸጋሪ ነው፤ ከተማረም በኋላ ወደ ለመደው ይመለሳል። «ጥቅሉን ቀይሪ ስትሉኝ ነው መስመሩ የተበላሸው፤ አንቺም ቀይሪ ብለሽኛል፣ ሙክታርም ብሎኛል» የሚል ንግግር አሰናዱ። ደጋግመው ሲሉት እውነት እየመሰለ ሄደ። በእርግጥም ከፊሉ እውነት ነበር፤ ጥቅሉ ባይቀየር ጣሳውም ባልኖረ።

ማቴዎስ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቃቸው። «ወልዳለች! ሴት ናት!» አለ።

«ናርዶስስ?»

«ደኅና ናት፣ እናቴ። ደኅና ናት።»

እዚያው በሩ ላይ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ፤ አምላካቸውንም አመሰገኑ። ማቴዎስ ደግፎ አስገባቸው። ናርዶስ በጀርባዋ ተኝታ፣ ሕፃኗ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ በአጠገቧ ነበረች። እናቷን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«እየጠራሁሽ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«አታውቂም። ወደ ውስጥ ሲያስገቡኝ ነርሷ ‹እናቷ መጥተዋል?› አለች። ማቴዎስ ዝም አለ። እኔ ሳልደርስ አትወልጂም ብለሽኝ ነበር፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ሽታዬ የአልጋውን ብረት ይዘው ቆሙ። ማቴዎስ ጨዋ ልጅ ነውና ሊያድናቸው ገባ። «የእርሳቸው ጥፋት እኮ አይደለም፣ ናርዲ። መስመሩ ነው። ያ ሙክታር የቀየረላቸው ርካሽ ጥቅል ሳይሆን አይቀርም። እኔም ስደውል እምቢ ሲለኝ ያንን ነው የጠረጠርሁት።»

በመንገድ ሲያሰናዱት የመጡት ንግግር ተዘጋጅቶ በሌላ ሰው አፍ ቀረበላቸው። «አዎን» ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። ሙክታር ሐዋሳ ነው፤ አይሰማም፤ ቢሰማም ሊከራከር አይመጣም።

«ሙክታርን ተወው» አሉ። «ጥቅሉም ደኅና ነው፣ መስመሩም ደኅና ነው። ጣሳ ውስጥ የከተትሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ጣሳ?» አለች ናርዶስ ፊቷን ሳታዞር።

«የኮረሪማ ጣሳ።»

«ስልኩን?»

«ስልኩን። ክዳኑንም ዘግቼ።»

«ለምን?»

ወይዘሮ ሽታዬ ለመናገር አፈሩ። የቀላውን ክንዳቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ደቂቃው እንዳይተንን።»

ናርዶስ ቀስ ብላ ዞረች፤ ዓይኗ አልቅሳ አብጧል። እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ልታለቅስ መሰላቸውና ጎንበስ አሉ። እርሷ ግን ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ መሳቅ ጀመረች።

«እማዬ… ወይኔ ስፌቴ… እማዬ አታስቂኝ…»

«እውነቴን ነው።»

«አትናገሪ! በእመቤታችን አትናገሪ!» አለች፤ እንባዋም በሁለቱ ጉንጮቿ ይወርድ ነበር። የሳቅ ይሁን የሌሊቱ ብቸኝነት፣ ማንም ሊለየው አይችልም ነበር። ወይዘሮ ሽታዬ ከአልጋው ጎን በጉልበታቸው ተቀመጡ፤ እጇን ያዙ። ሕፃኗ በድምፁ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች፤ ማቴዎስም ማንን እንደሚያባብል ግራ ገብቶት በመካከላቸው ቆመ።